አንቀጽ 5ን ማን ያስታውሳል? ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ስለተሰመረው መንገድ

የዓባይ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ አሮጌ ውል ከመዝገብ ቤት ይወጣል። አጼ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል ነው። በእንግሊዝ በኩል የፈረመው ጆን ሌን ሃሪንግተን ነበር። አንቀጽ 3ን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ጥቁር ዓባይን፣ ጣናንና ሶባትን የሚመለከተው ነው። ግብጾች ይጠቅሱታል፣ የእኛ ሰዎች መልስ ይሰጡበታል፣ ክርክሩ ይቀጥላል።

ከዚያው ገጽ ዝቅ ብሎ አንቀጽ 5 አለ። እሱን የሚያነሳው ሰው የለም። የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ንጉሠ ነገሥቱ ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ እንዲዘረጋ ለእንግሊዝና ለሱዳን መንግሥት መብት ሰጥተዋል፤ መስመሩም በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ይመረጣል።

ሱዳንን ከዩጋንዳ ማገናኘት ለምን አስፈለገ? መልሱን ለማግኘት ካርታውን ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ያ ሐዲድ ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን ሊደርስ ከታሰበው ረጅም መስመር አንዱ ቁራጭ ነበር። ዛሬ በሞያሌ በኩል ኬንያ የሚገባው አስፋልትም በአፍሪካ የመንገድ ካርታ ላይ የካይሮ–ኬፕታውን መስመር ክፍል ነው። ስሙ ከመቶ ዓመት በላይ አልተለወጠም። የተለወጠው መስመሩን የሚያሰምረው ሰው ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው።

*ነጥቦቹን የሚመርጠው ማን ነው?*

በቅድሚያ ስለ ሙያው ጥቂት ልበል። መሐንዲሶች የረጅም መንገድ መስመር ሲመርጡ የሚጀምሩት መንገዱ የግድ ሊነካቸው የሚገቡትን ነጥቦች በመለየት ነው፤ ወደብ፣ ዋና ከተማ፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ የተራራ በር። ከዚያ በኋላ በነጥቦቹ መካከል ዳገቱን፣ አፈሩን፣ የድልድዩን ብዛት፣ የካሳውን ወጪ ያሰላሉ። ይህ ሁለተኛው ሥራ ሒሳብ ነው፤ በሒሳብ ስህተት ቢገኝ ይታረማል። የመጀመሪያው ሥራ ግን ከመሐንዲሱ እጅ ውጭ ነው። የትኛው ከተማ ነጥብ ይሁን፣ የትኛው ይታለፍ የሚለውን የሚወስነው ገንዘቡና ሥልጣኑ ያለው ወገን ነው።

ስለዚህ የመንገድ ታሪክ ስናነብ የኪሎ ሜትሩን ብዛት ከመቁጠራችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ነጥቦቹን የመረጠው ማን ነበር?

*በፋሾዳ የተገናኙት ሁለት መስመሮች*

ከካይሮ ኬፕታውን የሚለው ሕልም ከሴሲል ሮድስ ስም ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ሮድስ በአልማዝ የበለጸገ፣ ኋላም የኬፕ ቅኝ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ፓንች የተባለው የለንደን መጽሔት አንድ እግሩን ካይሮ ሌላውን ኬፕታውን ላይ አድርጎ፣ የቴሌግራፍ ሽቦ በሁለት እጁ ዘርግቶ የሚያሳይ ካርቱን አወጣበት። የእሱ ነጥቦች ግልጽ ነበሩ፤ የእንግሊዝ ባንዲራ የሚውለበለብባቸው ቦታዎች በሙሉ ከሰሜን እስከ ደቡብ በአንድ መስመር እንዲገጣጠሙ።

ፈረንሳይ ደግሞ የራሷ መስመር ነበራት፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ከአትላንቲክ እስከ ጅቡቲ። የምኒልክ መንግሥት ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. የሰጠው የባቡር ፈቃድ በሦስት ክፍል የታሰበ ነበር። የመጀመሪያው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ወደ ካፋና ወደ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛውን ክፍል ስታዩ የፓሪስ ሰዎች ለምን ልባቸው እንደቆመ ይገባችኋል።

ሁለቱ መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1898 ነጭ ዓባይ ዳር ፋሾዳ ላይ ተገናኙ። የፈረንሳዩ ማርሻንና የእንግሊዙ ኪችነር ፊት ለፊት ቆሙ፤ ሁለቱ መንግሥታት ጦር ሊማዘዙ ደርሰው ፈረንሳይ ወደ ኋላ አለች። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በሰኔ 1890 ዓ.ም.፣ የእኛው ደጃዝማች ተሰማ ናደው የላኩት ጦር ነጭ ዓባይ ደርሶ ነበር። በሽታውና የስንቅ እጥረቱ አላስቀመጣቸውም፤ ተመለሱ።

ምኒልክ እንግዲህ በሁለት መስመሮች መገናኛ ላይ የቆሙ ንጉሥ ነበሩ። ለአንደኛው የባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ለሌላኛው ከስምንት ዓመት በኋላ አንቀጽ 5ን ፈረሙ። ማንንም ሙሉ በሙሉ እምቢ አላሉም፣ ለማንም ሙሉ በሙሉ እሺ አላሉም። «መስመሩ በስምምነት ይመረጣል» የምትለዋ ሐረግ እንደ ዋዛ የምትታለፍ አይደለችም። ነጥቦቹን ብቻህን አትመርጥም ማለት ናት።

ያ የሱዳን–ዩጋንዳ ሐዲድ በእኛ መሬት ላይ አልተዘረጋም። ሮድስ ራሱ ውሉ ከመፈረሙ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት ሞቶ ነበር። መስመሩ የወረቀት መስመር ሆኖ ቀረ።

*ሐረር የቀረችበት ዳገት*

የተሠራው መስመር ያመጣውን ለማየት ድሬዳዋ እንሂድ።

በመጀመሪያው ዕቅድ ባቡሩ ሐረር ይገባ ነበር። ሐረር ለዘመናት የንግድ መናኸሪያ የነበረች ከተማ ናት፤ የቡናው፣ የቆዳው፣ የጨርቁ ንግድ በበሮቿ ይገባ ይወጣ ነበር። ግን ሐረር ያለችው ከፍታ ላይ ነው። ሐዲዱን እስከዚያ ተራራ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ኩባንያው ደግሞ ገንዘብ አጥሮት ነበር። ስለዚህ መስመሩ ተራራውን ትቶ በግርጌው በቆላው እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደረሰ፤ ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ በቀለች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር፤ ኋላ ግን ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

ሐረርን ማንም አልከበባትም፣ ማንም አላቃጠላትም። ዳገቷ ተሰልቶ ከነጥቦቹ ዝርዝር ወጣች፤ በቃ። ንግዱ ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። ዛሬ ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ ናት። አንድ የወጪ ስሌት የሁለት ከተሞችን ዕጣ ለወጠ፤ ከስሌቱ በኋላ ንጉሡም፣ ኩባንያውም፣ ሥርዓቱም ሲያልፉ ከተሞቹ በተሰመረላቸው ዕጣ ቀሩ።

ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው፦ የመንገድ መስመር ከሚያሰምረው መንግሥት በላይ ዕድሜ አለው።

*በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ*

በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሦስትዮሽ ስምምነት ፈረሙ። ከስምምነቱ ውስጥ ጣሊያን ኤርትራን ከሶማሊያ ጋር ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አልፎ የሚያገናኝ ግዛት ላይ ያላት «ጥቅም» የሚል ይገኝበታል። ካርታ ገልጣችሁ እዩት። ከአስመራ ተነስቶ በአዲስ አበባ ጀርባ ዞሮ ሞቃዲሾ የሚወርድ መስመር ማለት ነው። ምኒልክ ስምምነቱ ሲቀርብላቸው የሉዓላዊነት መብታቸውን እንደማይገድብ አስታወቁ።

በ1918 ዓ.ም. ያው መስመር ተመልሶ መጣ። እንግሊዝ የጣናን ግድብ እንድታገኝ ጣሊያን ልትደግፍ፣ ጣሊያን ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚያልፈውን ሐዲድ እንድታገኝ እንግሊዝ ልትደግፍ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ባለቤቱን የጠየቀ አልነበረም። ራስ ተፈሪ ግን በዚያን ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነች አገር እንደራሴ ነበሩና ጉዳዩን ለማኅበሩ አቤት አሉ። ሁለቱ መንግሥታት ማንንም የማስገደድ ሐሳብ እንዳልነበራቸው ለማስረዳት ተገደዱ።

ሌላም አለ። በሐምሌ 1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጣሊያን የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ አብሮ የመንገድ ስምምነት ነበረው፦ ከአሰብ ደሴ የመኪና መንገድ፣ ለኢትዮጵያም በአሰብ ነጻ የወደብ ቀጠና። የባሕር በር ለሌላት አገር ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ሆኖም ሥራው ወደፊት አልሄደም። ዕቃ የሚወጣበት መንገድ ታንክም ሊገባበት እንደሚችል አዲስ አበባ ውስጥ ያልጠረጠረ አልነበረም። ጥርጣሬውም መሠረት ነበረው፤ ሰባት ዓመት እንዳለፈ ወረራው መጣ።

የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። የአሰብ–ደሴን መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ሠራው። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ መንገዱ ቀረ። እስከ 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ድረስ የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ በዋናነት የሚመላለስበት አሰብ ነበር። የጣርማበርን ዋሻ፣ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ዛሬም የሚጓዝበት ሰው ያውቀዋል። የፈሩት መንገድ መግቢያ ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ መውጫ ሆነ። መንገድ እንዲህ ነው፤ ማን ሠራው ብሎ አይጠይቅም፣ ያገኘውን ያሳልፋል።

ከነጻነት በኋላ ለመንገድ የሚሆነው ብድር ከዓለም ባንክ መጣ። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኢትዮጵያ የሰጠው ብድር ለአፍሪካ የመጀመሪያው ሲሆን ከእሱ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ጥገናውም አዲሱ ሥራም በአብዛኛው የተከተለው ያንኑ ቅርጽ ነው፤ ሁሉም መንገድ ከአዲስ አበባ እንደ ጎማ ራጅ ይወጣል። ዳር ያለ ክልል ከጎረቤቱ ጋር ለመገናኘት መጀመሪያ ወደ መሃል መምጣት ነበረበት። ነጥቡ አንድ ነበር፤ አዲስ አበባ።

*በአፍሪካ አዳራሽ*

እ.ኤ.አ. በ1971 ነገሩ ተገለበጠ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በጋናዊው ሮበርት ጋርዲነር መሪነት፣ አፍሪካን የሚያቋርጡ አውራ ጎዳናዎችን ሐሳብ አነሳ። በቅድሚያ የተያዘው ከሞምባሳ ሌጎስ ያለው ነበር። ዕቅዱ እየሰፋ ሄዶ ዘጠኝ መስመሮች ሆነ፤ በጠቅላላው ከ56 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ። አራተኛው መስመር የምናውቀው ነው፦ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የካይሮ መስመር።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ መስመሩ መጀመሪያ የሚቆመው ኬፕታውን ሳይሆን ቦትስዋና፣ ጋቦሮኔ ላይ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሥር ነበረችና ከነጥቦቹ ዝርዝር ወጣች። የሮድስ መነሻ በአፍሪካውያን እጅ ተሰረዘ፤ ተመልሶ የተጻፈው አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ መስመሩ በነጭ ዓባይ ሸለቆ አይወርድም። ያ አቅጣጫ ሱድ በተባለው ሰፊ ረግረግ የተዘጋ ነው። አዲሱ መስመር ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ወደ መተማ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በዲላና በሞያሌ ወደ ናይሮቢ ይሄዳል። አንቀጽ 5 ከሰባ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ መጣ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ነጥቦቹ አሁን የነጻ አገሮች ዋና ከተሞች መሆናቸው ነው።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ዋና ከተሞች ነጥብ ሲሆኑ በመካከል ያለው ሁሉ መተላለፊያ ይሆናል።

*የተረሳው 500 ኪሎ ሜትር*

ይህ መስመር ለአርባ ዓመት ያህል የተቆረጠው የት እንደነበር ታውቃላችሁ? አስፈሪ ተራራ ላይ አይደለም፤ የዓባይ በረሃ ላይም አይደለም። በኬንያ ሜዳ ላይ ነው፤ ከኢሲኦሎ እስከ ሞያሌ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ።

እንግሊዞች ያንን አካባቢ «የሰሜን ድንበር አውራጃ» ብለው ዘግተውት ነበር። ያለ ፈቃድ መግባትም መውጣትም አይቻልም። ነዋሪው ቦረና፣ ገብራ፣ ሬንዲሌ፣ ሶማሌ ነው፤ ለቅኝ ገዢው አገሩ ከኢትዮጵያ የሚለይበት ባዶ ሜዳ ነበር። ኬንያ ነጻ ስትወጣ ወዲያው የሽፍታ ጦርነት የተባለው ተነሳና ክፍለ አገሩ ለዓመታት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ኖረ። መንገዱ ጠጠርና አቧራ ሆኖ ቀረ። ተሳፋሪ ከብት በጫነ መኪና ላይ ከላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ሽፍታ ስለሚፈራ መኪኖች በታጠቀ አጃቢ ይጓዛሉ። ከማርሳቢት ወደ ናይሮቢ የሚወርድ ሰው «ኬንያ ልሄድ ነው» ይል ነበር። በራሱ አገር ውስጥ ሆኖ!

ይህን ንግግር ደጋግሜ አስበዋለሁ። መንገድ ያልደረሰው ሰው ዜግነቱ በወረቀት ይቀራል። ናይሮቢና አዲስ አበባ እርስ በርስ ሲፈላለጉ ኖረዋል፤ ሞያሌንና ማርሳቢትን የፈለገ ግን ዘግይቶ መጣ። አስፋልቱ የተጠናቀቀው በአፍሪካ ልማት ባንክ ዋና ድጋፍ ከአሥር ዓመት ወዲህ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመረቀ። ከላሙ ወደብ የሚነሳው የኬንያ፣ የደቡብ ሱዳንና የኢትዮጵያ መስመርም ወደ እኛ የሚመጣው ከኢሲኦሎ በዚሁ መንገድ ነው።

የሰሜኑን ጫፍ ደግሞ እዩ። መተማ የጥንት የጎንደርና የስናር ነጋዴ መንገድ ናት፤ አጼ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁባት ቦታም ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ከካርቱም የሸሸ ሕዝብ በዚያ በኩል ገባ። ከካይሮ ዕቃ እንዲያመጣ የተሰመረው መንገድ ስደተኛ አመጣ። ያንን ሰው መጀመሪያ የተቀበለው የመተማ ነዋሪ ነው፤ በየትኛውም ዕቅድ ላይ ነጥብ ሆኖ የማያውቀው።

*አሁን የሚሰመረው*

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከሞጆ ሐዋሳ የሚሠራው የ200 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ የዚሁ የካይሮ–ኬፕታውን መስመር አካል ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው አገልግሎት ላይ ውሏል። ጥቅሙን አልክድም። ከደቡብ አትክልትና ፍራፍሬ ጭኖ የሚመጣ ሾፌር በየከተማው በጋሪ፣ በባጃጅና በእግረኛ መካከል ሲንቀራፈፍ የነበረውን ሰዓት አትርፏል። በአሮጌው መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደሞተም የአገሩ ሰው ያውቃል።

ነገር ግን የፍጥነት መንገድ ከተማ ውስጥ አይገባም፤ ጠባዩ ነው። ታጥሮ ይሄዳል፣ መግቢያና መውጫው የተቆጠረ ነው። በአሮጌው መንገድ ዳር ዓሣ የሚጠብሰው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚደረድረው፣ አልጋ የሚያከራየው፣ ጎማ የሚለጥፈው ሰው ደንበኛው አጥሩ ማዶ ሲያልፍ ይሰማዋል። ስለ ካሳ ስናወራ ቶሎ የሚታየን መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ ነው፤ እሱም ሲካስ ስንት ጊዜ ተከራክረናል። መሬቱ ሳይነካ ገበያው የራቀበት ሰው ግን ለዓይን አይታይም። ቤቱ አልፈረሰም፣ ግን ሐረር ሆኗል።

መፍትሔው መንገዱን ባለመሥራት አይገኝም። ሐረርን ለማስደሰት ባቡሩ ተራራ መውጣት ነበረበት የሚል ሰው የለም። መስመሩ ሳይደርቅ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ግን አሉ። መውጫው የት ይሁን? ከአሮጌው ከተማ ወደ መውጫው የሚያገናኘው አጭር መንገድ በማን በጀት ይሠራል? ከብት የሚሻገርበት፣ ተማሪ የሚያልፍበት ስንት ቦታ ይኖራል? የጭነት መኪና ማረፊያው የአካባቢው ሰው የሚነግድበት ይሆናል ወይስ የአንድ ባለሀብት? እነዚህ ጥያቄዎች በወረቀት ደረጃ ሲነሱ እርሳስና ላጲስ ብቻ ይበቃቸዋል። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ሌላ ብድር ይጠይቃሉ።

በየዜናው ስለ ኮሪደር እንሰማለን፤ የበርበራ፣ የላሙ፣ የጅቡቲ። ክርክራችን በአብዛኛው ስለ ወደቡ ነው፤ ማን ያገኛል፣ ማን ያጣል። ወደቡ አንድ ነጥብ ነው። ከወደቡ እስከ አዲስ አበባ ባለው ርቀት ላይ የሚኖረው ሰው ሌሎቹ ነጥቦች መሆን ነበረበት።

ምኒልክ አንቀጽ 5ን ሲፈርሙ ጉልበተኛውን «መስመሩን ብቻህን አትመርጥም» ብለውታል። ያ ቃል ዛሬ የሚያስፈልገው ከለንደን ለመጣ ልዑክ አይደለም። እኛው ለእኛው ማለት የሚገባን ነው፤ አዲስ አበባ ለሞያሌ፣ ለመተማ፣ ለመቂና ለባቱ። መስመሩ በስምምነት ይመረጥ።

በቸር ያገናኘን።